ተቻለ የወደደው ተከራይ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ተከራዩን ሳይመረምር ቁልፍ አያስጨብጥም። ልጅ አለህ ወይ፣ እንግዳ ታበዛለህ ወይ፣ ስንት ሰዓት ትገባለህ፣ ልብስ በየስንት ጊዜው ታጥባለህ ይባላል። ወይዘሮ ዙፋን ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያስቀድሙት ጥያቄ ነበራቸው፦ የምትወደው ድመት ነው ውሻ?

ፍቅሩ ጥያቄው እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። ደላላው ሀብተሚካኤል ገና መንገድ ላይ ሳሉ አስጠንቅቆታል።

«ሴትዮዋ ወርቅ ናቸው። በውሃ አይጨቃጨቁ፣ መብራት አጥፋ አይሉ። ድመት ብቻ እንዳታነሳባቸው። ያለፈውን ተከራይ ያስወጡት በድመት ነው።»

«እኔ እኮ ድመት አለችኝ።»

«ቁልፉን እስክትቀበል የለችህም» አለ ሀብተሚካኤል። «ከተቀበልክ በኋላ የራስህ ጉዳይ ነው።»

ፍቅሩ ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ሚስት ያላገባ፣ ቂሊንጦ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ማሽን የሚጠግን ሰው ነው። ድመቱ ዳንቴል ትባላለች። እህቱ ቤት ሳለች የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ተርትራ ተርትራ ስለጨረሰች፣ ስሙን ከነጥፋቷ ተሸክማ ወደ እሱ መጣች። ከዚያ ወዲህ ቤት በቀየረ ቁጥር መንገዱን አይታ እንዳትመለስ በማዳበሪያ ከረጢት ከቶ እየተሸከማት ከርሟል። ሰው «ድመት ቤቱን እንጂ ባለቤቱን አትወድም» ሲለው፣ «እኔ ቤት የለኝም፤ ታዲያ ምኔን ወዳ ነው የምትከተለኝ?» ይላል። 

ውሻን ግን ይፈራል። የሚፈራውም እንዲሁ እንደ ሰው አይደለም። ልጅ ሆኖ ሳሪስ አቦ አካባቢ አንድ ውሻ ባቱን ይዞት፣ ከንክሻው ይልቅ ከዚያ በኋላ ሆዱ ላይ የተወጋው መርፌ እስከ ዛሬ ይመጣበታል። ሩቅ የሚጮህ ውሻ ሲሰማ እጁ ወደ እምብርቱ ይሄዳል።

ወይዘሮ ዙፋን በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። ከኋላቸው፣ ከቆርቆሮ የተሠራች ጎጆ ፊት፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ በሰንሰለት ታስሯል።

«ድመት ነው ውሻ?»

«ውሻ» አለ ፍቅሩ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። የሴትዮዋ ፊት ሲፈካ ግን አፉን መያዝ አቃተው። «እኛ ቤት ውሻ ሳይበላ ሰው አይበላም ነበር» አለ። «አባቴማ ውሻችን የሞተ ቀን ሥራ አልገባም።» አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ውሻ ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ነበር።

የወይዘሮ ዙፋን ዓይን እንባ አቀረረ። ሽንኩርቱም ሳያግዝ አልቀረም። «አየህ ልጄ» አሉ፣ «ድመት ዓይኗን ጨፍና የምትበላው ለምን ይመስልሃል? ያጎረሳትን ሰው እንዳታውቅ ነው። ኋላ ማን አበላሽ ቢሏት አላየሁም ልትል። ውሻ ግን ሰው ያውቃል። የኔ ተቻለ በአጥር ጥግ ክፉ ሰው ሲያልፍ ያውቃል።» የመጨረሻውን ከአጥሩ ማዶ እንዲሰማ አድርገው ነበር የተናገሩት።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት የሟች ባላቸው እህት ወይዘሮ አስካለማርያም ናቸው። ጋሽ ደበላ ያረፉ ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ «ሴት ብቻዋን ይህን ግቢ አትችለውም፤ ለቤተሰቡ ይመለስ» ሲል፣ ነገሩን የጀመሩት እሳቸው ነበሩ። ወይዘሮ ዙፋን ክርክር አልገጠሙም። ቡችላ ገዙ፣ ስሙን ተቻለ አሉት፣ ሲመሽ ከሰንሰለት ሊፈቱት ሲነሱ ስሙን በጉሮሯቸው ሙሉ መጥራት ጀመሩ። ወይዘሮ አስካለማርያም ይህን ስም ከራታቸው ጋር ሲጎርሱት ዓመታት አልፈዋል።

ታዲያ ወይዘሮ ዙፋን ተቻለን ይወዱታል ማለት የቤታቸውን ደፍ ይረግጣል ማለት አይደለም። እሱ ሌላ ነገር ነው። ውሻ የሚወደደው በውጭ ነው።

ፍቅሩ ቁልፉን ተቀበለ። በማግስቱ ከረጢቱን በትከሻው አድርጎ፣ «ልብስ ነው» እያለ ግቢውን ሲያቋርጥ ተቻለ ብድግ አለ። አልጮኸም። ሰንሰለቱ እስኪወጠር ስቦ፣ አፍንጫውን ወደ ከረጢቱ ቀስሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማታ ሲፈታ የግቢውን ዙሪያ እንደ ልማዱ አልዞረም። በቀጥታ ሄዶ ፍቅሩ በር ላይ ተጋደመ፤ እስኪነጋም አልተነሳም።

«ወደደህ» አሉ ወይዘሮ ዙፋን ጠዋት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ተቻለ ሰው ወዶ አያውቅም። ልብህን አይቶ ነው።» ወሬው ከምሳ በፊት ሰፈሩን አዳረሰ፤ አጥሩንም ተሻገረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍቅሩ እስረኛ ሆነ። ከቂሊንጦ የሚያመላልሰው ሰርቪስ ሲያወርደው ፀሐይዋን እያየ ይሮጣል፤ ውሻው ሳይፈታ በሩን ከውስጥ መቀርቀር አለበት። ሽንት ቤቱ በግቢው ሌላ ጫፍ ስለሆነ አንዲት ቢጫ ጀሪካን ገዛ። ከበሩ ውጭ ተቻለ ያነፈንፋል፤ ከበሩ ውስጥ ዳንቴል ጀርባዋን እንደ ቀስት ገትራ ትቆማለች፤ በመካከል ፍቅሩ አልጋው ላይ እግሩን ሰብስቦ ይቀመጣል። ጠዋት ወይዘሮ ዙፋን ውሻውን አስረው «ፍቅረኛህ እኮ አልለይህ አለ» ሲሉት፣ «አዬ፣ ተቻለ» ብሎ የውሸት ፈገግ ይላል።

ጉዱን ቀድማ የነቃችበት የጎን ተከራይዋ ሒክማ ናት። በሰቃ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ክፍላቸውን የሚለየው ቺፑድ ብቻ ነው።

«ጋሽ ፍቅሩ፣ ሌሊት የሚያለቅሰው ሕፃን የማን ነው?» አለችው አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ።

«ሬዲዮ ነው።»

«ሬዲዮው ወተት ይጠጣል? ጠዋት ጠዋት ስትገዛ አይሃለሁ።»

ፍቅሩ ከንፈሩን ነከሰ። ሒክማ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። እሷም የድመት ወገን ነበረች። «ውሻ ከላሰኝ እንደገና መታጠብ ነው» ትላለች፤ «ድመት ግን መስገጃዬ ላይ ብትተኛ ዳር ዳሩ ላይ እሰግዳለሁ እንጂ አላስነሳትም።» ከዚያ ወዲህ የሥጋ ትርፍራፊ በፌስታል ጠቅልላ በመስኮቱ ታቀብለው ጀመር። ሰፈሩ እንደሆነ በዚህ ነገር ተስማምቶ አያውቅም። ባለ ወፍጮው ድመት ይላል፣ አይጥ ጆንያውን ስለሚበሳበት። የመጋዘኑ ዘበኛ ውሻ ይላል፤ ውሻው ነቅቶ ሲያድር እሱ እንዲተኛ።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ዙፋን ነጭ ለብሰው፣ ዘንቢላቸውን ገንፎ ዱቄትና ቅቤ ሞልተው ፍቅሩን ጠሩት። ልጃቸው ቢሾፍቱ ወልዳ ሊያርሷት መሄዳቸው ነው።

«ተቻለን ለአንተ ነው የምተወው» አሉት። «ማታ ትፈታዋለህ፣ ጠዋት ታስረዋለህ። ራሱን ስትዳብሰው ደስ ይለዋል። ከአንተ በቀር ማንን አምናለሁ?»

ፍቅሩ አፉን ከፈተ። እውነቱን ቢናገር ወይ ዳንቴልን ጥሎ ቤቱን ይይዛል፣ ወይም ቤቱን ለቆ ከእሷ ጋር ይወጣል። አፉን ዘጋ። «በደህና ይሂዱ እማማ» አለ።

ያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ውሻውን አልፈታውም። ተቻለ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ሙሾ እንደሚያወርድ ሰው ረዥሙን ለቀቀው። ከአጥሩ ማዶ የወይዘሮ አስካለማርያም ድምፅ በስልክ ሲናገር ተሰማ፦ «ዙፋን፣ ለመሆኑ ያ ተቻለሽ አልቻለም እንዴ?» ወዲያው የፍቅሩ ስልክ ጠራ።

«ልጄ፣ ምን ሆኖብኝ ነው?»

«ናፍቆት ነው እማማ። እርስዎን ናፍቆ ነው።»

«ፈትተኸዋል?»

«እ… ልፈታው ስል ደወሉ።»

«በል ስልኩን ሳትዘጋ ፍታው። ሰንሰለቱ ሲወድቅ ልስማ።»

ፍቅሩ የመጥረጊያ እንጨት አንስቶ፣ ክንዱን እስኪያመው ዘርግቶ፣ ሰንሰለቱ ምሰሶው ላይ የተሰካበትን መንጠቆ ከሩቅ ነቀነቀው። ሰንሰለቱ ወደቀ። ስልኩ ውስጥ «ተባረክ» ሲባል እሱ በሩን ቀርቅሮ ጨርሶ ነበር።

እሑድ ነጋ። ተቻለ ሰንሰለቱን እንደጎተተ በሩ ላይ ተኝቷል። የሚያስረው የለም።

«ጋሽ ፍቅሩ» አለች ሒክማ በቺፑዱ በኩል።

«አቤት።»

«ወጣህ?»

«እየወጣሁ ነው።»

ቆይታ ደግሞ፣ «ጋሽ ፍቅሩ፣ እየወጣህ ነው?»

«ጫማዬን እያሰርኩ ነው።»

«ረዥም ክር ነው መሰለኝ። እኔ ገበያ አለብኝ እኮ። ድመቷን ያዥልኝ ብትለኝ እይዛለሁ፤ ውሻው ግን የአንተ ድርሻ ነው፤ አንተን ነው የወደደው።»

የሁለቱም እሑድ በዚህ አለቀ። ዳቦው አለቀ፣ የዳንቴል ወተት አለቀ፣ ጀሪካኗ ሞላች። ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ አስፋልቱ ዳር ክላክስ ሲያደርግ ፍቅሩ አንጀቱን አሰረ። በግራ እጁ የድስት ክዳን፣ በቀኙ አጥንት ይዞ በሩን በእግሩ ገርበብ አደረገው።

ዳንቴል በእግሮቹ መካከል ሹልክ አለች።

ፍቅሩ ዓይኑን ጨፈነ። የጠበቀው ጩኸት አልመጣም። ሲገልጥ ዳንቴል ፀጉሯን አቁማ ሁለት ድመት አክላለች፤ ተቻለ ደግሞ አንገቱን አስግጎ አፍንጫውን አቅርቦላታል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ድመት እንዲህ ቀርባው ስለማታውቅ፣ የሚያውቀው ሽታዋን እንጂ ጥፍሯን አልነበረም። አንድ ጊዜ፣ ደግሞም ሌላ ጊዜ አፍንጫውን ቧጠጠችው። ያ ጥጃ የሚያህል ውሻ ቆሌው ተገፈፈ፤ ጭራውን እግሮቹ መካከል ወሽቆ፣ ሰንሰለቱን እያንኳኳ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጎጆው ውስጥ ተሸጎጠ። ዳንቴል ተከትላው የጎጆዋ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጣችና እጇን ትልስ ጀመር።

ሒክማ ወጣች። ሁለቱ ተያይተው ሳቁ ሊያመልጣቸው ሲል የውጭ በር ተንኳኳ። ውሻ አልጮኸም። ደግሞ ተንኳኳ። አሁንም ዝም።

ወይዘሮ ዙፋን ከነዘንቢላቸው ገቡ። የቅዳሜው ሙሾ እንቅልፍ ነስቷቸው፣ አራሷን ለአማቷ ትተው በማለዳ ተሳፍረው መምጣታቸው ነው። «በሬን ሳንኳኳ ተቻለ ዝም አለ» ብለው ጀመሩና ጣሪያዋን አዩ። «ይህቺ ምንድን ናት?»

«የኔ ናት እማማ» አለች ሒክማ ፈጥና።

ፍቅሩን ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ጣፈጠው። ከዚያ ሒክማን አያት፤ ብትባረር ከገበያው እንዲህ የሚቀርብ ቤት የት ታገኛለች? የድስቱን ክዳን መሬት አስቀመጠ።

«የኔ ናት። እዚህ ስገባም ከረጢቱ ውስጥ ነበረች። ተቻለም ወዶኝ አይደለም፤ እሷን ሸቶት ነው። እኔ ውሻ እፈራለሁ።»

ወይዘሮ ዙፋን ክው አሉ። የተናደዱት በድመቷ ከመሰለን ተሳስተናል። ለሰፈሩ ሁሉ «ተቻለ ልቡን አይቶ መረጠው» ብለው ያወሩት ነው የታያቸው። በዚያው ቅጽበት ሻሽ የጠመጠመ ራስ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«ዙፋን፣ ደህና ገባሽ?» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «ምነው ውሻሽ ድምፁ ጠፋ?»

ወይዘሮ ዙፋን አጥሩን አዩ፣ ጎጆዋን አዩ፣ ፍቅሩን አዩ። ዘንቢላቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፍቅሩ እያለ ለምን ይጮሃል?» አሉ ጮክ ብለው። «ተማምኖ ተኝቷል። ይኸው ድመት እንኳ አስለመደልኝ። የኔ ውሻ ማን ወዳጅ እንደሆነ ያውቃል።»

ሻሹ እስኪወርድ ፈገግታቸውን ይዘው ቆዩ። ሻሹ ወረደ። ወደ ፍቅሩ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ድመቷ ትቀመጣለች። አንተም ትቀመጣለህ። ማታ ማታ ግን የምትፈታው አንተ ነህ፤ እዚህ፣ እሷ ከአጥሩ ማዶ እያየች። ራሱን እየዳበስክ።»

«እማማ፣ ሌላ ቤት ብፈልግ ይሻላል።»

«ልትሄድ? ተቻለ የወደደው ሰው ምን ሆኖ ወጣ ልባል? የትም አትሄድም።»

እነሆ አሁን ሲመሽ ዳንቴል ጣሪያዋ ላይ ትወጣለች። ተቻለ አንገቱን ከጎጆው አውጥቶ፣ አንድ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ ይንቀጠቀጣል። ፍቅሩ በርከክ ብሎ እጁን ይሰዳል፤ እሱም ይንቀጠቀጣል። ከአጥሩ ማዶ «አቤት መዋደዳቸው» ይላል አንድ ድምፅ፣ እንደ መራራ ነገር እየዋጠው።

ወይዘሮ ዙፋን በርጩማቸው ላይ ሆነው በጥርሳቸው መካከል ይናገራሉ፦

«ዓይንህን ግለጥ እንጂ። ጨፍነህ አትዳብሰው፤ እየታየህ ነው።»