ማርሚታው ላይ የቀረው እግር

ልጄ አርጆ ወረዳ የእንስሳት ክትባት ሥራ ሲወጣላት፣ ከሰፈራችን ባለሱቅ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዛች። ሰኞ በራሷ መጓጓዣ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተብላለች። እኔ ደግሞ ሳልፈትሽ የማልፈው ነገር የለም፤ ጎንበስ ብዬ ሳየው ጭሱ የሚወጣበት ቧንቧ፣ ማርሚታ የሚሉት፣ ጥቁር ነገር ተለጥፎበታል። የሕፃን ጫማ ሶል ነው። ተረከዙም ጫፉም ይለያል። መዳፌን ሳስጠጋበት ከመዳፌ ያንሳል።

«ከኋላ የተጫነ ልጅ እግሩን አሳርፎበት ነው፤ ኮንጎ ጫማ ይቀልጣል» አለች ልጄ።

«ልጁስ?»

«ምን ልጁስ?»

«ጫማው እዚህ ሲቀር እሱ የት ሄደ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ባለሱቁን ብጠይቀው እሱም ከሌላ ሰው እንደገዛው ነገረኝና ወደ ሚዛኑ ዞረ። ከዚያ በኋላ ለልጄ ቁርጡን ነገርኳት፤ ይህ ሳይለቅ አርጆ አትሄጂም።

በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። በማግስቱ በነጭ ጋዝ፣ ከዚያም በድስት ሽቦ። ጣቶቼ ቆሰሉ። ጥቂት ሳሳ ሲል ደስ አለኝ። ልጄ ከሰዓት በኋላ እስከ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር እየነዳች ትለማመዳለች፤ ስትመለስ ዝናብ እንዳይመታው ወዲያው እሸፍነዋለሁ። ጠዋት ገልጬ ሳየው ግን እድፉ ተመልሷል። ያውም አድጓል። ሐሙስ መዳፌን አከለ። ዓርብ መዳፌን አለፈ። ያ ልጅ በኔ ግቢ እያደገ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርሁም። ከሞተሩ አጠገብ ሳልፍ ግን ድምፄን ዝቅ ማድረግ ጀመርሁ።

ቅዳሜ ልጄ ታክቷት መካኒክ ይዛ መጣች። ተንበርክኮ በጥፍሩ ቧጨረውና አንድ ነጭ ክር መዘዘ።

«ሀርሜ፣ በምንድነው የሚሸፍኑት?» አለኝ፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው።

የማዳበሪያ ጆንያውን አሳየሁት። ዘረጋው። እጥፋቱ ውስጥ በማርሚታው ልክ የቀለጠ ቀዳዳ ነበር። ለካ ብረቱ ሳይበርድ ስሸፍነው ጆንያው እየቀለጠ ይጣበቅ ኖሯል።

«አይ ሀርሜ! ያስፈራዎት ሰይጣን የሃምሳ ኪሎ ጆንያ ነው» አለና ልጄን አሳቃት። እኔንም ትንሽ አሳቀኝ። ስንት ቀን ጠዋት ስፈትግ፣ ማታ ስለጥፍ።

ሞተሩን አስነስቶ ብረቱ ሞቅ ሲል አጠፋው፤ ከዚያ በእንጨት ጫፍ ገፋው። እንደ ቅርፊት ተላጠ። በሽቦ አለሰለሰውና በጨርቅ ወለወለው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን።

ትንሿ እግር እዚያው ነበረች። እንደ ድሮው ከመዳፌ ያነሰች፣ ጥቁር ሳትሆን ሰማያዊ።

መካኒኩ አሁን አልቀለደም። «ይሄ እድፍ አይደለም። ብረቱ ራሱ ነው መልኩን የቀየረው። አይለቅም» አለ።

«ጫማ ሲቀልጥ ብረት መልኩን ይቀይራል?»

«እኔ እንጃ ሀርሜ። ረጅም ጊዜ ካረፈበት ይሆናል።»

ረጅም ጊዜ። ሕፃን እግሩ እየተቃጠለ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይህን እኔ አልኩ እንጂ እሱ አላለም።

እሑድን በሙሉ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ዋለ። ልጄ አልለመነችኝም፤ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። መለመኗ ይሻለኝ ነበር። ያጠፋሁት እኔ፣ ያስፈራሁት እኔ፣ እንጀራዋን የማስቀርባትም እኔ ልሆን ነው። የማላውቀውን ልጅ ፈርቼ የማውቃትን ልጄን ላሰናክል?

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሰጠኋት። ክትባቱን የምትይዝበትን የበረዶ ሳጥን ከኋላ ስታስር ገመዱን ያዝኩላት።

«ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊው» አልኳት።

«ለምን እማ? ከወንበሩ ሊወጣ ነው እኮ።»

«ከኋላሽ ትንሽ ቦታ ይኑር።»

አየችኝ። ከዚያ ማርሚታውን አየች። ሳጥኑን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ እንደገና አሰረችው።