የሻምበሉ የኋላ በር ሸራ

በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ የመኪና ሸራ እሰፋ ነበር። አንድ ቀን አንድ ኮስታራ ሻምበል በላንድሮቨር መጣና ለኋላ በሩ መሸፈኛ እንድሰፋለት አዘዘኝ። ላስቲክ ሳሳየው፣ "ውስጡን ያሳያል!" አለ። ሳሳ ያለውን ሸራ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየና፣ "ይሄም ያሳያል!" ብሎ ወረወረው። በመጨረሻ ወፍራሙን የድንኳን ሸራ መረጠ፤ እሱንም ድርብ አድርገው አለኝ።

"ጓድ ሻምበል፣ ውስጡ ይጨልማል እኮ" አልኩት።

"ይጨልም!"

ማንን ሊጭንበት ይሆን እያልኩ ሰፋሁት። ገጥሜ ስጨርስ፣ ነጠላ የለበሱ እናቱን ደግፎ አምጥቶ ከኋላ አሳፈራቸው። እሳቸውም ሸራውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ "እጅህ ይባረክ ልጄ!" አሉኝ። "እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርሰኝ፣ አለቆቹ እንዳያዩኝ ወለሉ ላይ ተኝቼ ነበር የምሄደው!"