ኬላው ፊት የተንተፋተፈ ሞተር

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ የሞተር ድምፅ ሲበላሽ ወሬያቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን ይጥሉ ነበር። በጣሊያን ዘመን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የእህል መኪና ሲነዱ፣ የቆሰለውን አርበኛ ባለቤቴን ከጆንያ ሥር ደብቀን አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ነዳጁን ለስለስ አድርገው ሲረግጡ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ጠበቅ ሲያደርጉ ይሄዳል። የጣሊያኖቹ ኬላ ከሩቅ ታየ።

«ጋሼ፣ በኃይል ይርገጡትና እንለፍ!» አልኳቸው።

«ከሮጥን ይተኩሱብናል፤ ቀስ ካልን ሞተሩ ይጠፋብናል» ብለው ወረዱ። ነዳጁን ከአየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ፈተው በቆሻሻ የተደፈነችውን ቀጭን ቀዳዳ በአፋቸው እፍ አሏት። ሞተሩ ሳይንተፋተፍ ተነሳ፤ በዝግታ አለፍን።

ትናንት ቀብረናቸው ስንመለስ ባለቤቴ ከደጃቸው እስከ መንገዱ ይመላለስ ጀመር። «ግባ እንጂ» ስለው፣ «ማን አለና?» አለኝ።