መብራት ያልጠፋበት እሑድ

ጎረቤቶቹ «ጋሽ ጨለማ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ከጎኑ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፤ መብራት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራው በፕሮግራም የሚጠፋውን መብራት መገምገም መሆኑን የሰማች ቀን። «መብራት ማጥፋትም ይገመገማል እንዴ?» ብላ የሕንፃው ደረጃ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ አሳቀችበት።

ይገመገማል እንጂ። ለጥገና ተብሎ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ይጠፋል፤ ሠራተኞቹ ግን መስመሩ ከተዘጋ በኋላ መሰላል ፍለጋ ይሄዳሉ፣ ወይ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ምሳቸውን ይበላሉ። እሱ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሰዓት ለሥራ እንደዋለ፣ ስንቱ በከንቱ እንደባከነ ይለያል። ዛሬ ዛፍ ለመቁረጥ፣ በሳምንቱ ደግሞ ምሰሶ ለመቀየር አንዱን ሰፈር ሁለቴ ማጨለም እሱ ዘንድ ነውር ነው። በሥራው ቀልድ አያውቅም፤ የጥገና ኃላፊዎቹ ሲያዩት ፊታቸው የሚጠቁረውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። የሕንፃው ሰው ሁሉ በየቤቱ ዘግቶ ይውላል። እሑድ ለጥገና መብራት ሲጠፋ ግን ቴሌቪዥኑም የስፌት መኪናውም ዝም ይላል፤ ሰው በርጩማውን ይዞ ወደ ደረጃው ይወጣል። ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ሾፌር ዳማቸውን ይዘው ይወርዳሉ። «ሂድና አብራልን እንጂ» እያሉ ይነዘንዙታል። ያን ቀን እራቱ እንኳ ይጣፍጠዋል።

ታዲያ ሥራው እየተሳካለት በሄደ ቁጥር እንዲህ ያሉት እሑዶች እያነሱ መጡ። መብራት ሳይጠፋ የሚጠገንበት መላ ያልተበጀለት የራሱ ሰፈር መስመር ብቻ ነበር። ሰበብ እየፈለገ ሲያዘገየው ከርሞ፣ አንድ ቀን አለቃው የመስመሩን ካርታ ዘርግታ ጠየቀችው።

«ይሄኛው ሲጠገን ሰፈሩን ከጎን ካለው መስመር ማብራት አንችልም?»

መልሱን ካወቀው ቆይቷል። «አይመችም» ቢላት ታምነው ነበር። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ደንበኞቿን ስትለማመጥ በጆሮው ሰምቷል።

«ይቻላል» አለ።

እሑድ ደረሰ። ታች ምሰሶ ሲቀየር በመስኮት አየ፤ መብራቱ ግን ብልጭ ድርግም እንኳ አላለም። ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ይንጣጣል፣ ከላይ የኳስ ጨዋታ ይጮኻል። እንዳሰበው ነው የሆነው፤ ሊኮራበት ይገባ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ የራሱን ቤት ብሬከር አውርዶ መብራቱን አጠፋና በርጩማውን ይዞ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ምን እንደሚጠብቅ ለራሱም አልገባውም፤ ብቻ ጠበቀ።

ልብስ ሰፊዋ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ አየችው።

«ምነው ጋሼ፣ ብቻዎን ደጅ?»

«መብራት ጠፋ።»

«እኛ ጋ አለ እኮ።» ቅርጫቷን አስቀምጣ ቤቱ ገባች፤ ወዲያው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ቤቱ በራ። «ብሬከሩ ወርዶብዎት ነው። የሙያው ሰው ሆነው ይሄ ይጠፋዎታል?» ብላ ሳቀች።

«እርጅና ነዋ» አለ። ትንሽ አብራው ቁጭ እንድትል ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት፣ «በሉ ይግቡ፣ ብርድ እንዳይመታዎት» ብላው ወረደች። ቆሻሻዋን ደፍታ ስትመለስ ፈገግ ብላለት አለፈችና በሯን ዘጋች። የስፌት መኪናው ካቆመበት ቀጠለ።