«ምድር ቤቱ ደረቅ ነው»

ባሌ ሲሞት የተወልኝ አዳማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ ካለው ተዳፋት ላይ የሠራውን ቤት ነው። ቤቱ ከፊት ሲያዩት ፎቅ ነው፤ በጓሮ በኩል ግን ከመሬቱ ጋር እኩል ነው። ከሥሩ ተዳፋቱን ቆርጦ በድንጋይ የገነባው ምድር ቤት አለ። ሐዲድ ላይ ሲሠራ ከግሪክ ግንበኞች ያየውን ነበር የሠራው። ጎረቤት «ለሰው ነው ለጅብ?» እያለ ሲስቅበት፣ እሱ አንድ ቀን ተከራይ እንደማይጠፋ ይናገር ነበር።

ስለ ውሃው ግን ማናችንም አላሰብንም። የአዳማ ጎርፍ ተንኮለኛ ነው፤ ከተማው ላይ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ዝናቡ ተራራው ላይ ይጥልና ድንገት ይደርሳል። ምድር ቤቱ ውስጥ በየክረምቱ ይገባ ጀመር፤ ግድግዳው ላይም እስከ ጉልበቴ ድረስ ምልክቱን ተወ።

ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት መተዳደሪያ ቢቸግረኝ ላከራየው ቆረጥኩ። ሰው የሚያድርበት ቤት የከተማው ሹም አይቶት፣ ውል ተጽፎ ማኅተም ሳያርፍበት አይከራይም ነበር። ውሃ የሚገባው ቤት ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። እኔ ምን አደረግኩ? ጭቃና እበት አቡክቼ ምልክቱን ለቀለቅኩት። ሹሙ መጥቶ ግድግዳውን በከዘራው መታ መታ አደረገና «ውሃ ይገባዋል?» ሲለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ኧረ አይገባውም ጌታዬ» አልኩት። ጸሐፊው «ምድር ቤቱ ደረቅ ነው» ብሎ ጻፈ። ያኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና በጣቴ ፈረምኩ።

ተከራዬ ከምንጃር የመጣ ሸማኔ ነው። ሚስቱ የሉሜ ኦሮሞ ነች፤ ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ አዝላለች። እኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት ሦስት ቤት ጠይቀው ተመልሰዋል፤ ሰዉ ሸማኔው የሠራውን ኩታ እየለበሰ ሸማኔውን ቡዳ ነው ብሎ ይፈራው ነበር። እኔም አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ዓይኑን ላለማየት አንገቴን ሰብሬ ነው የማልፈው። ሚስቱ ግን ጠዋት ጠዋት ከታች «አካም ቡልተን እሜቴ!» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ስትለኝ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

ሸማኔ የሚሠራው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው። እንደገቡ ወለሉን ለመቆፈር ፈቃድ ጠየቀኝና ፈቀድኩለት። የዶማው ድምፅ ሲሰማኝ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ። ወረድኩና «ምነው ቆምክ?» አልኩት።

«አፈሩን እያየሁት ነው እሜቴ።»

«ምን ሆነ?»

አፈሩን ከእጁ አራግፎ «ምንም አልሆነም» አለና ቁፋሮውን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የመወርወሪያው ድምፅ ከወለሌ ሥር ይሰማኝ ጀመር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሰው እንዳለ የተሰማኝ ያኔ ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሕፃኗ የምትተኛው መሬት ላይ ነው። እውነቱን እንዳልናገር በሹሙ ፊት ዋሽቻለሁ፤ ዝም እንዳልል ልጅቷ አለች። እናቷን «ቁንጫ አለና ልጅቷን ከፍ ያለ ቦታ አስተኚያት» አልኳት። ለጎርፍ የቁንጫ መድኃኒት ማዘዜ ነበር! እሷም አንገቷን ነቅንቃ «እሺ እሜቴ» አለችኝ።

ሐምሌ ላይ ገበያ ውዬ፣ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰችኝ፣ ቀና ስል ተራራው ጠቁሯል። የገዛሁትን ሽንኩርት እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ድፍርሱ ውሃ በምድር ቤቱ በር እየተግተለተለ ይገባል። «ልጅቷን!» ብዬ ጮህኩ።

«እዚህ ነን እሜቴ» አለች ሚስቱ ከበላዬ። ልጇን ታቅፋ ጓሮ በር ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ውሃው ውስጥ ቆሟል። አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። የሽመና ዕቃው፣ የሰው ፈትል፣ የልጅቷ መኝታ ሳይቀር ጣሪያው ወጋግራ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። ወለሉ ላይ የቀረ ነገር የለም። ገመዱ ደግሞ ከመታሰር ከመፈታት ብዛት ተልጧል።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ጉድጓዱን ስቆፍር የጎርፍ ደለል አገኘሁ፤ ከሥሩ ሌላ ደለል፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገሩ ከወጣ ሹሙ ቤቱን ይዘጋዋል። ማን ያስገባናል እሜቴ? ተራራው በጠቆረ ቁጥር እሰቅለዋለሁ፤ ለምጄዋለሁ።»

አንጀቴን በላው። ሐፍረቱ ደግሞ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። እኔ ለኪራዬ ብዬ የደበቅኩትን እሱ ለመጠለያው ብሎ ሲደብቅልኝ ከርሟል።

በማግስቱ ሹሙ ዘንድ ሄጄ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። አንጓጠጠኝ፣ ውሉን ቀደደው። «ሌላ ደረቅ ቤት ካለሽ አይቼ አጽፋለሁ፤ ከሌለሽ ሰዎቹ ይውጡ» አለ።

ሌላ ቤት ነበረኝ። በጓሮ በኩል፣ ወለሉ መሬት የሆነው የባሌ መኝታ ክፍል ከሞተ ጀምሮ ተቆልፎ ነው የኖረው። ባርኔጣው እንኳን ከተሰቀለበት አልወረደም። ከፈትኩት፤ አልጋውን እኔና የሸማኔው ሚስት ተሸክመን አወጣነው። አንዲት ጎረቤቴ «የባልሽን መኝታ ለሸማኔ?» ብላ አማተበች። «አዎ፣ ለሸማኔ!» አልኳትና በሩን ዘጋሁባት። ከዘጋሁ በኋላ ግን ባርኔጣውን ይዤ አለቀስኩ።

ሸማኔው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ «ቆፍር» አልኩት።

ጉድጓዱ ወገቡ ጋ ሲደርስ ጠራኝ። ከታች አንድ እፍኝ አፈር ዘገነና መዳፌ ላይ አደረገልኝ። ጨበጥ አድርጌ ስለቀው በጣቶቼ መሃል በነነ።

«አሁን ሹሙን ይጥሩት» አለኝ።