አባባ የተረጎመው ፊልም

አንዳንድ ቀን ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ፣ የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ፊልም ሊጀመር ነው የሚል ስሜት ድንገት ይመጣብኛል። ምክንያቱ ተራ ነው። በልጅነቴ እቤታችን የሚገባው ሲዲ ሁሉ ተቧጭሮና የብዙ ሰው ጣት አርፎበት ስለሚመጣ፣ አባባ ፊልሙን ከመክፈቱ በፊት ሲዲውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በጣቱ ጫፍ ትንሽ የጥርስ ሳሙና ቀብቶ፣ ከመሐል ወደ ዳር እያሸ ይወለውለው፣ ከዚያም በሸሚዙ ጫፍ አድርቆ ወደ ብርሃን አንሥቶ በአንድ ዐይኑ ያየው ነበር። ቤቱ የጥርስ ሳሙና ሲሸት ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣ ነበር።

ቤታችን መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነበር። አባባ ከወሎ፣ ከቆቦ በኩል የመጣ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ኩሓ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራ ነበር። እናቴን አልጋነሽን እንደ መቐለ ልጅ «እኖ» ነበር የምላት፤ እኖ ገበያ ውስጥ ክርና የልብስ ቁልፍ ትሸጥ ነበር። አባባ ለእኔ በአማርኛ፣ እኖ በትግርኛ ያወሩኝ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ደግሞ በአባባ የተሰባበረ ትግርኛ ይግባቡ ነበር። የእኖ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ትጣራለች፣ ትከራከራለች፣ ደንበኛዋን ትመርቃለች፣ ከዚያ ያለፈውን ለእኛ ትተወዋለች። እኛ እንደዚያ እናምን ነበር።

አዲስ የአማርኛ ፊልም መቐለ ሲኒማ ቤት እስኪደርስ ብዙ ይቆይ ስለነበር፣ አባባ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ወዳጁን ሲዲ እያስገዛ ያስመጣ ነበር። በክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኛ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን፣ አባባ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ቆሞ፣ በመጥረጊያ እንጨት የሚናገረውን ሰው እየጠቆመ ለእኖ ወደ ትግርኛ ይተረጉምላት ነበር። ድምፁ ከዝናቡም ከተዋናዮቹም በላይ መሆን ስለነበረበት ይጮኽ ነበር። የግድግዳ ጎረቤታችን አደይ ለተ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ትቀመጥና ትለክፈው ነበር።

«አንተ ዘውዱ፣ ሰውየውን ሴት አደረግኸው እኮ!»

«ምን ላድርግ አደይ ለተ፣ የእናንተ ቋንቋ ሰዎቹ ብዙ ሲሆኑ እንኳ ወንድና ሴት እየለየ ያደክመኛል።»

«አንተን ያደክምሃል፤ እኛ ደግሞ ጢም ያላት ሙሽራ እያየን ነው።»

እኖ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቅ ነበር። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምሰማ አንዱን ፊልም ሁለት ጊዜ የማየት ያህል ነበር፤ አንዱ ተዋናዮቹ የሚሉት፣ ሌላው አባባ የሚለው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይቀራረቡ ነበር።

አራተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ በዚያ ክረምት፣ ስለ አንዲት እህትና ስለ ወንድሟ የሚያወራ ፊልም መጣ። እህትየው በአንድ ቆላ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አላት፤ ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ሄዷል፤ እሷም አውቶቡስ በገባ ቁጥር ብርጭቆ ማጠቧን ትታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትወጣለች። እኖ ከፊልሙ ዐይኗን አልነቀለችም። እሷም አንድ ወንድም ነበራት፣ ሓጎስ የሚባል፤ እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ወደ ሱዳን ሄዶ፣ አንድ ደብዳቤ ልኮ፣ ከዚያ ድምፁ የጠፋ። ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ነጋዴ ሱቋ በቆመ ቁጥር፣ ክሩን ከመመተሯ በፊት ስለ ሓጎስ ትጠይቀው ነበር።

በፊልሙ መጨረሻ አንድ አቧራ የለበሰ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ለእህትየው ቦርሳ ይሰጣታል። «ወንድሜስ?» ትለዋለች። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ፣ «በረሃው ላይ ቀበርነው» ይላታል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባባ እንጨቱን ወደ ሰውየው እንደቀሰረ ዞር ብሎ እኖን አየና፣ ወንድሟ ደኅና ነው፣ ሥራ አግኝቷል፣ ልብሱን ልኮላታል ብሎ ተረጎመ።

«ደሓን ድዩ?» አለች እኖ። ደኅና ነው?

«ደሓን እዩ» አለ አባባ።

«ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?» አለች አደይ ለተ።

«ደስ ብሏት ነዋ! ሰው ደስ ሲለው አያለቅስም?» ብሎ ጎንበስ አለና ማጫወቻውን አጠፋው። «አለቀ» አለ። ሲዲው ገና እየዞረ ነበር።

እኔ ግራ ገባኝ። አባባ ትግርኛ ላይ ብዙ ስለሚሳሳት ይህም ከስሕተቶቹ አንዱ መሰለኝ፤ ግን ሦስት ዐረፍተ ነገር የሚያህል ስሕተት አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ የተበላሸ ሶኬት ሲጠግን አጠገቡ ተቀምጬ ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ሰውየው ቀበርነው አይደል ያለው?»

«ብሏል።»

«አንተ ግን ሌላ ነው ያልከው።»

«እሱ ተናገረ፤ እኔ ተረጎምሁ» አለና ብሎን አቀብዪኝ አለኝ።

የአሸንዳ ልጆች ከበሮ ይዘው በሰፈሩ ዞረው፣ ነሐሴ አልቆ፣ መስከረም ሲጠባ፣ ፊልሙ ከቤታችን ወጥቶ ገበያ ገብቶ ነበር። እኖ ለክር ገዢው፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለበርበሬ ሻጮቹ ታሪኩን ትነግራቸው ነበር፤ ስትናገር አባባ ካለው ላይ እየጨመረች፣ ወንድምየው ምን ሥራ እንዳገኘ፣ ልብሱ ውስጥ ምን አጥፎ እንደላከ ሳይቀር ታውቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ሥር ተቀምጬ እሰማትና፣ ላርማት አፌን እከፍትና፣ ፊቷን አይቼ እዘጋው ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ሓጎስ ስትጠይቅ ድምፏ ይቀንስ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ከፍ አድርጋ ትጠይቅ ጀመር። ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ፣ ያኔ መለየት አልቻልሁም፤ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ጥር በሠርግ አለፈ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እኖ እንደ ልማዷ ቴሌቪዥኑን በነጭ ጨርቅ አልብሳ፣ ሲዲዎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው፤ እስከ ፋሲካ ፊልም የሚባል በቤታችን አይነሣም ነበር። እኔም አርፌ ከረምሁ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አንዲት ሚኒባስ ጣሪያዋ ላይ ሞንታርቦ ጭና፣ ያ ፊልም መቐለ መግባቱን እየለፈፈች በሰፈራችን አለፈች። ሮማናት አደባባይ አካባቢ ፖስተሩ ተለጠፈ፤ እህትየው ሻይ ቤቷ በር ላይ ቆማ። እኖ ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም ነበር፣ አሁን ግን እሄዳለሁ አለች።

«ምነው አልጋዬ፣ ያየሽውን ፊልም!» አለ አባባ።

«አንተ በሣጥን ውስጥ ነው ያሳየኸኝ። በትልቁ ላየው እፈልጋለሁ።»

«ጨለማ ነው እኮ። ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። ትኋንም አለው ይላሉ።»

«አንተ ስትተረጉም የቻለ ጆሮ ምን ይሆናል?» አለች አደይ ለተ፤ እሷም አብራ ለመሄድ ነጠላዋን አጥባ ነበር።

እሑድ አባባ ተረኛ ስለነበር አብሮን መሄድ አልቻለም። ወደ ሥራ ሲወጣ ከበሩ ውጭ ጠራኝና፣ ጫማውን ሁለት ጊዜ አስሮ ፈትቶ፣ «እንግዲህ አጠገቧ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ብጠብቅ መንገዱን ጀመረ።

ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ መጋረጃው ተገልጦ፣ ውስጡ ጨለም ብሎ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲገባ እኖ አየች። ጎንበስ አለችና ጫማዋን አወለቀች። አደይ ለተም አወለቀች። ትኬት ቆራጩ፣ «እናቶቼ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» ሲላቸው ሰው ሳቀ፤ እኖ ግን ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ገብታ፣ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ዐፍሬ ወንበሩ ውስጥ ሰመጥሁ።

ፊልሙ ሲጀመር ሌላ ፊልም መሰለኝ። ሰዎቹ ትልልቆች ነበሩ፤ የመናኸሪያው አቧራ እኛ ላይ የሚነፍስ ይመስል ነበር፤ አባባ ሲጮኽባቸው የኖሩ ድምፆች ሁሉ ተሰሙ፣ የብርጭቆው፣ የረዳቱ ፉጨት፣ የእህትየው ትንፋሽ። እኖ በየመሐሉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ እያለች «እንታይ ኢላ?» ትለኝ ነበር። ምን አለች? እኔም በሹክሹክታ እተረጉምላት ነበር፣ ትክክል እየተረጎምሁ። ከፊታችን ያሉት ልጆች ለእናታቸው ይተረጉሙ ነበር፤ ከኋላችን አንድ ሽማግሌ ለሚስቱ፤ አዳራሹ በሙሉ ከፊልሙ ሥር በትግርኛ ይንሾካሾክ ነበር።

አቧራ የለበሰው ሰው ከአውቶቡስ ወረደ። ቦርሳውን ሰጣት። «በረሃው ላይ ቀበርነው» አለ። ሹክሹክታው በመላው አዳራሽ አንዴ ተነሣና ቆመ፣ ከዚያ ልቅሶ ተሰማ። እኖ አልጠየቀችኝም፤ የአባባን ትርጉም ስለምታውቅ ይሆናል። ፊልሙ ግን አላለቀም ነበር። አባባ ያላሳየን ክፍል መጣ፤ እህትየው ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ የተዘጋው ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ። ማንም አይናገርም።

እኖ ወደ እኔ ዞረች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ነበር።

«መን እዩ ሞይትዋ?» አለችኝ። ማን ሞቶባት ነው?

መልሱን አውቅ ነበር። አፌ ላይ ነበር። ከኋላ ሽማግሌው ለሚስቱ «ሓዋ» ሲላት፣ ወንድሟ ሲላት፣ በግልጽ ይሰማ ነበር።

«ካልእ ሰብ እዩ» አልኋት። ሌላ ሰው ነው።

«ሕራይ» አለች። እሺ። ወደ ሸራው ዞራ መብራቱ እስኪበራ ድረስ ቀና ብላ አየች። ስንወጣ ጫማዋን ለማድረግ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። አደይ ለተ ዐይኗን እየጠረገች፣ «እንዴት ነበር አልጋነሽ?» አለቻት።

«የቤታችን ይሻላል» አለች እኖ። «እነዚህ መጨረሻውን አያውቁበትም።»

ማታ አባባ ከሥራ ሲመለስ እኖ እንደ ወትሮዋ ውሃ አቀረበችለትና፣ ፊልሙ ጥሩ ነበር ብላው ወደ ጓዳ ገባች። አባባ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አልሻት?»

«ሌላ ሰው ነው የሞተው አልኋት።»

«ጎሽ» አለ። ከዚያ እጁን ውሃው ውስጥ እንደነከረ ቆየና፣ «አይ፣ ጎሽም አይባል» አለ። ከዚያ በኋላ ያ ፊልም በቤታችን አልተነሣም። እኖ ግን ነጋዴዎቹን መጠየቋን አልተወችም።

ሥራዬ ዜና መጻፍ ሆነ፤ አንድን ነገር ከሁለት ምንጭ ሳላረጋግጥ አልጽፍም። ይህን የፊልም ታሪክ ግን ማረጋገጥ አልቻልሁም። አባባ ዐርፏል። አደይ ለተ፣ አዳራሹ ውስጥ አብራን የነበረችው፣ ወንድምየው በፊልሙ መጨረሻ በአውቶቡስ መጥቷል ብላ ትምላለች፤ እኔን «አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ» ትለኛለች። ሲዲውን ቁም ሣጥን ውስጥ አግኝቼ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር፣ ማጫወቻው አላነበበውም። ከሓጎስ ዛሬም ድረስ ምንም አልተሰማም።

አሁን እኖ ከእኔ ጋር ትኖራለች። አዲስ ፊልም በወጣበት ቀን ስልኬ ውስጥ ይገባል፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼው ሁለታችን እናያለን፤ ያመለጠንን ወደ ኋላ እንመልሳለን፣ ሽንት ቤት ስትሄድ አቆመዋለሁ፣ ትርጉሙ ከሥር በጽሑፍ ያልፋል። ጎረቤት አይመጣም፤ እያንዳንዱ በየቤቱ የየራሱን ያያል። አዳራሽ ውስጥ ፊልሙ ማንንም አይጠብቅም ነበር፤ አንዲት ሴት ፊቷን አዙራ ስትጠይቅሽ ከሚቀጥለው ሥዕል በፊት መመለስ ነበረብሽ።

ባለፈው ክረምት አንድ ፊልም መሐል ላይ አቆምሁትና ጠየቅኋት። የጠየቅኋት በአማርኛ ነው፤ የመለሰችልኝም በአማርኛ ነው፣ ከማውቀው የገበያ አማርኛዋ በጠራ አማርኛ።

«እኖ፣ ያን ጊዜ ሲኒማ ቤት፣ ከኋላችን የነበረው ሽማግሌ ለሚስቱ ያላትን ሰምተሽ ነበር?»

«አጠገቤ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እኔ የሰማሁት አንቺን ነው።»

ቀጥዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትሁ። ሥራዬ እዚህ ላይ ማቆም አይፈቅድም፤ ሁለተኛ ጥያቄ አለው፣ ሦስተኛም አለው። እሷ ግን እጇን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግታ፣ «በሊ፣ ክፈቺው» አለችኝ፤ እኔም ከፈትሁት።