መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ

ክረምት ሲገባ ኳሱ ይቆማል፤ ወሬው ግን የሚጀምረው ያኔ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በእኔ ቁርስ ቤት የሚገዛውንና የሚሸጠውን ተጫዋች ብዛት እንግሊዞቹ ቢሰሙ ይደነግጡ ነበር። ቤቷ ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለች፣ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ቴሌቪዥንና የሚያፈስ ቆርቆሮ ያላት ጠባብ ቤት ናት። ፉልና እንቁላል ፍርፍር እሠራለሁ። ደንበኞቼ ግን ለፉል አይመጡም። አንድ ሻይ አዝዘው ይቀመጡና አጥቂ ይገዛሉ፣ ተከላካይ ይሸጣሉ፣ አሠልጣኝ ያባርራሉ። ለአንድ ግብ ጠባቂ ሚሊዮን ፓውንድ ሲመድቡ ቆይተው የዳቦ ዋጋ ለምን ጨመርሽ ብለው ይቆጡኛል።

ስለ ሦስቱ ብቻ ልናገር፤ ሌሎቹ የእነሱ ተከታዮች ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ስለሆኑ ዛሬም የሚያወሩት ተማሪ ፊት እንደቆመ ሰው ነው፤ ጥያቄ ሳይጠየቁ መልስ ይሰጣሉ። ሁለተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። መኪናውን ደጄ ላይ አቁሞ «አለቃዬ ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ ይቀመጣል። የአለቃው ስብሰባ አልቆ አያውቅም። ሦስተኛው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ገባ፤ አፉ ግን እዚሁ ቀረ። በየማለዳው ታክሲ ተሳፍሮ ወደ አፉ ይመጣል።

ይሄው ነጋዴ እኔንም ከተጫዋቾቹ እኩል ያገላብጠኛል። «ሠላሳን እኮ ዘለልሽው፣ ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቂው? በነፃ የምትፈርም ተጫዋች ሆነሽ ቀረሽ» ይለኛል። ሹፌሩ ይስቃል። መምህሩም ከንፈራቸውን እየነከሱ ይስቃሉ። ሠላሳ እንደሞላኝ በዚያ ቤት የማያውቅ የለም፤ በየሳምንቱ ይነገረኛላ።

የክርክራቸውን ሥርዓት ለማወቅ አንድ ጠዋት መስማት ይበቃል። ሹፌሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይጀምራል።

«ቀዮቹ ያስፈረሙትን ልጅ አያችሁት? ገና አሥራ ስምንቱ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በቃ፣ ዓለምን ነው የሚያንቀጠቅጠው።»

«አሁን ነው እንዴ የሰማኸው?» ይላል ነጋዴው። «እኔ እኮ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ነው የምከታተለው። ማለቴ፣ ማንም ሳያውቀው።»

መምህሩ ሻያቸውን ቀስ ብለው ያስቀምጣሉ። «አባቱም ይጫወት ነበር። እኔ የማውቀው አባቱን ነው።»

በዚህ ይዘጋል። አያቱን አውቃለሁ የሚል እስኪመጣ ድረስ መምህሩን የሚበልጥ የለም። ልጁ ኳስ ይችል አይችል፣ ለዚያ ቡድን ይስማማ አይስማማ፣ ማንም ግድ የለውም። ጉዳዩ ማን ቀድሞ አየው ነው። በዚያ ቤት «ዛሬ ሰማሁ» ማለት ከነውር ይቆጠራል። በሕይወቱ አንድ ነገር እንኳ ቀድሞ ያላየ ሰው፣ ሰፈሩ እንደሚፈርስ እንኳ ምልክት ግድግዳው ላይ ተቀብቶ ያላመነ ሰው፣ የሌላ አገር ልጅ ችሎታ ቀድሞ አይቷል። ስቄባቸው አልፋለሁ። ቢያንስ እስካለፈው ክረምት ድረስ እስቅ ነበር።

ወንድሜ ተጫዋች ነው፤ ክንፍ ላይ ይሮጣል። እኔና እሱ ብቻ ነን የቀረነው፤ እናታችን አርፋለች። በእኛ ሰፈር ኳስ ተጫዋች ሁለት ዕድሜ አለው፦ አንዱን እናቱ ታውቀዋለች፣ ሌላውን ወረቀቱ ያውቀዋል። ወንድሜ በእናታችን ቆጠራ ሃያ ስድስት፣ በወረቀቱ ሃያ ነው። ታዳጊ ቡድን ሲገባ ያን ያህሉን የቀነሰለት አሠልጣኙ ነው፤ የጓደኞቹንም እንዲሁ ቀንሷል። ትክክል ነበር አልልም። ግን ሁሉም ቀንሶ በሚሰለፍበት ሜዳ፣ የእናቱን ዕድሜ ይዞ የመጣ ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የሚያረጀው።

ዓመት በዓመት በታችኛው ሊግ ተጫወተ። ክረምት በመጣ ቁጥር «ይሄ ልጅ ተስፋ አለው» ይባላል፣ ይሞከራል፣ «እንደውልልሃለን» ይባላል፣ መስከረም ይጠባል። ተስፋ አለው የሚባል ሰው ምን ያህል እንደሚደክመው የማውቀው እኔ ነኝ፤ ማታ እግሩን የሞቀ ውሃ ውስጥ ሲነክር አየዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ግን ነገሩ ተሳካ። ከክፍለ ሀገር የመጣ አንድ የላይኛው ሊግ ክለብ ሞከረውና ወደደው። ክለቡ የሚፈልገው ወጣት ብቻ ነበር፤ ከሃያ አንድ በላይ አናስፈርምም ብለዋል። የቀረው አንድ ነገር ነው። ክለቡ የላከው ሰው ሰፈር መጥቶ ስለ ፀባዩ ይጠይቃል፦ ይጠጣል ወይ፣ ይቅማል ወይ፣ ይጣላል ወይ። ድሮ ልጃገረድ ስትታጭ እንደሚጠየቀው መሆኑ ነው።

ወንድሜ በዋዜማው ጓዳ ድረስ ገብቶ አጠገቤ ቆመ።

«ይሄ ካለፈኝ በቃ ነው» አለኝ። «ወረቀቱን ነው እንጂ ጉልበቴን አላታለልኩትም። ጉልበቴ ያውቃል።»

«አያልፍህም» አልኩት።

«ሰዎቹን አደራ። ማለቴ፣ የእኛዎቹን።»

በማግስቱ ጠዋት ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ሦስቱን ሰብስቤ አስጠነቀቅኳቸው። ሻዩን በነፃ ሰጥቻለሁ፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ቁም ነገር ማውራት ካለብህ በነፃ ነገር ጀምር።

«ዛሬ ከክለቡ ሰው ይመጣል» አልኩ። «ስለ ፀባዩ ሲጠይቃችሁ የምታውቁትን መልካም ነገር ንገሩልኝ። ዕድሜ የሚባል ነገር ግን ከአፋችሁ እንዳይወጣ። መምህር፣ እርስዎም።»

«እኔ ልጄ?» አሉ መምህሩ ቅር ብሏቸው። «እኔ አስተማሪ ነኝ።»

«ምን ነካሽ?» አለ ነጋዴው። «ልጃችን እኮ ነው።»

ሹፌሩ በቂርቆስ ማለ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ሦስቱም እስከ መጨረሻው ዕድሜ የሚለውን ቃል አልተነፈሱም።

ሰውየው በዝናብ የራሰ ጃንጥላውን እያጠፈ ገባ። ጎልማሳ፣ ዝግ ያለ፣ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። እነሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መምህሩ ስለ ምግባሩ መሰከሩለት፤ ሲጋራ እንኳ በአፉ ዞሮ አያውቅም አሉ። ነጋዴው ለታላላቆቹ ከወንበር እንደሚነሳ ተናገረ። ሹፌሩ እናታችን ስትታመም በትከሻው ተሸክሞ ሐኪም ቤት እንዳደረሳት አወራ፤ እውነት ነው፣ እንባዬ መጣ። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ከምድጃው አጠገብ ቆሜ ስሰማቸው፣ ለስንት ዓመት የናቅኳቸውን ሰዎች ያን ጊዜ ወደድኳቸው። ፍቅሬ ግን አምስት ደቂቃም አልቆየ።

ሰውየው ሊነሳ ጃንጥላውን ፈለገ። «ጥሩ ልጅ ነው» አለ። «በጊዜ ነው ያገኘነው።»

ያቺን «ያገኘነው» ሹፌሩ ሊያልፋት አልቻለም።

«እናንተማ አሁን ነው ያገኛችሁት» አለ እየሳቀ። «መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። የባቡሩ ሀዲድ ሲሠራ፣ ከተማው ሁሉ ተቆፍሮ ሳለ፣ ለሰፈሩ ዋንጫ ሦስት አግብቶ በትከሻዬ ተሸክሜው ቂርቆስን ዞሬያለሁ።»

እስከዚህ ምንም አልነበረም። ያኔ በወረቀቱም ቢሆን ኳስ የሚመታ ልጅ ነው። ነጋዴው ግን ሻዩን ገፋ አደረገ።

«ባቡሩ ሲሠራማ ማን ያላየው አለ?» አለ። «ያኔ ታዋቂ ነበር። እኔ ያየሁት ሚሊኒየሙ ሊገባ ባለበት ክረምት ነው። ቄራ ሜዳ ላይ ሁለት ተከላካይ አልፎ ሲያገባ አይቼ፣ በቃ፣ ይሄ ልጅ አልኩ። የመጀመሪያዋን ታኬታ ጫማ የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ ጠይቁት።»

በወረቀቱ ወንድሜ ያን ክረምት ገና ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ጡት ጥሎ ታኬታ አጠለቀ ማለት ነው። ማንኪያ ይዤ መምህሩን አየኋቸው። በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ሁለታችሁም ዘግይታችኋል» አሉ። «በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በዕረፍት ሰዓት በካልሲ ኳስ ትልልቆቹን ሲያልፍ በመስኮት አይ ነበር። ያን ቀን ለባልደረቦቼ፣ ይህ ልጅ አንድ ቀን አገር ያውቀዋል ብያለሁ።»

ዘጠና ሰባት በወረቀቱ ወንድሜ የተወለደበት ዓመት ነው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። መምህሩ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ሁለቱን በተራ አዩ፤ ክርክሩን አሸንፈዋል። ሌሎቹ ሁለቱ በእውነት ተናደዱ። አንዳቸውም የተናገሩት ምን እንደሆነ አልገባቸውም። የገባው ሰውየው ብቻ ነበር። ጃንጥላውን መልሶ ጠረጴዛው ሥር አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

«እህቱ ነሽ አሉኝ። ታላቁ ነሽ ታናሹ?»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። «ታላቁ» አልኩ። «በሁለት ዓመት።»

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው ማለቴ ነበር። ፊቴን ቀና አድርጌ፣ ፀጉሬን በሻሽ አስሬ፣ የፉል እንፋሎት ለዓመታት የቀቀለውን ግንባሬን ይዤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው ብዬ ቆምኩ። ሰውየው ሊያምነኝ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ዓይኑ ያዝንልኝ ነበር። ነጋዴው ግን ሻዩ ትን አለው። ሹፌሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። መምህሩ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በየሳምንቱ ሠላሳ ዘለልሽ ሲሉኝ የከረሙ ሰዎች እንዴት ይቻሉት?

ሰውየው አልሳቀም። ለሻዩ ከፈለ፣ እጄን ጨበጠ፣ «ፀባዩን ከልቤ ወድጄዋለሁ» ብሎኝ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ይህን ሲል ከልቡ እንደነበረ አምናለሁ።

ገና ከደጁ ሳይርቅ ሦስቱ ተወያዩበት።

«ደስ ብሎት ነው የሄደው» አለ ሹፌሩ።

«ግን ኳስ አይገባውም» አለ ነጋዴው። «ስለ አጨዋወቱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም እኮ።»

ከሰዓት በኋላ ለወንድሜ ተደወለ። ክለቡ ለቦታው ሌላ ልጅ አይቷል። ማታ ሁሉንም ነገርኩት፤ ምንም አልደበቅኩም። «ማን ነው ያወራው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «ሁሉም» አልኩት። የሞቀ ውሃ ላቀርብለት ስል፣ «ተዪው፣ ዛሬ እግሬን አላመመኝም» አለኝ።

በማግስቱ ሦስቱም በሰዓታቸው መጡ። ላባርራቸው አስቤ አድሬ ነበር፤ ግን የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ደግሞ ወንድሜ ቀድሟቸው ገብቶ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት አብሯቸው ተቀምጦ አያውቅም። ለልምምድ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። የሆነውን ሲሰሙ ክለቡን ረገሙ፣ መልማዩን ረገሙ፣ የአገሪቱን ኳስ ረገሙ። ወጣት የሚያምን የለም አሉ። ራሱን የረገመ አልነበረም።

ከዚያ ነጋዴው የወንድሜን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አይዞህ» አለው። «ልጅ ነህ እኮ፣ ጊዜ አለህ። ማለቴ፣ ሃያ ዓመት ምን አላት?»

ወረቀቱን ያስታወሰው ያኔ ነው።

ወንድሜ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቀና አለ። «ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው» አለ።

ድምፁ ከፍ አላለም። ታዳጊ ቡድን ከገባ ጀምሮ እውነተኛ ዕድሜውን በአፉ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም፤ እኔ እንኳ ብቻችንን ስንሆን አንስቼበት አላውቅም። ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻ አፈሩ ብዬ፣ ይቅር ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

ሹፌሩ ለካ በጣቱ ይቆጥር ኖሯል። «ሃያ ስምንት አይደለህም እንዴ?» አለ።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሃያ ሰባት ነው» አሉ። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»